ሃያ ስድስተኛው ሜትር

ሳሌም ስዩምን ባለፈው ሳምንት ስንለያት፣ በአባቷ ሆቴል ጓሮ መዋኛ ገንዳው ዳር ተቀምጣ፣ ከእንግዲህ ዘርአብሩክን የእግዜር ሰላምታ እንኳ እንደማትሰጠው ለራሷ እየማለች ነበር። መሐላው ዘጠኝ ቀን ጸናላት። ለእሷ ይህ ብዙ ነው። ከዚያ በፊት የነበራት ረጅሙ ኩርፊያ ከምሳ እስከ እራት የዘለቀ ነበር፤ ግማሹንም ተኝታ ነው ያሳለፈችው።

ዛሬ ለተቀላቀለን አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል። አቶ ስዩም ከመሀል አገር መጥተው በኬንያዋ ሞያሌ ሆቴል ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ልጃቸውን ናይሮቢ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧት፤ ልጅቷም ዋና ተምራ፣ አንገቷ ሙሉ ሜዳሊያ አንጠልጥላ ተመለሰች። አባት በኩራት አበጡና በሆቴሉ ጓሮ የሃያ አምስት ሜትር መዋኛ ገንዳ አሠሩላት። ውኃ በቦቴ ተጭኖ በሚመጣበት ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ ማስወራቱ አልቀረም። አንዳንዱ አበዱ አለ፤ አንዳንዱ ግመል ሊያጠጡበት ነው አለ። ሳሌም ግን ጆሮዋ ውኃ ውስጥ ስለነበር ብዙውን አልሰማችም።

አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ዋኝታለች። የምታሳድደው የኬንያን የሴቶች አራት መቶ ሜትር ነፃ ቀዘፋ ክብረ ወሰን ነው። አቶ ስዩም ክብረ ወሰኑን በቀይ ቀለም እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ፣ ከቁርስ ሰዓት ማስታወቂያው ሥር አስጽፈውታል፤ ከናይሮቢ የመጣ ሾፌር ሁሉ እንቁላል ሲያዝ ያነበዋል። ሳሌም ሰዓቷን በየዓመቱ እየቀነሰች መጥታ ስድስት ሰከንድ ሲቀራት ቆመች። በስድስት ሰከንድ ሻይ እንኳ በወጉ አይማሰልም። እሷን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቀቅ አላሰኛትም።

ዘርአብሩክ ደግሞ ግንበኛ ነው፤ በሞያሌ አጠራር ፈንዲ። ገንዳውን የሠሩት አባቱ ጋሽ ሐድጉ ነበሩ። ጋሽ ሐድጉ ድንበር ተሻግረው ዋልዳ የስደተኞች ሰፈር ከኖሩ በኋላ፣ ከቱምቢና ከመዶሻ በቀር ምንም ሳይዙ ሞያሌ ገብተው የከተማውን ግማሽ ሱቅ ገነቡ። እሳቸው የለኩትን ደግሞ መለካት ስድብ ነበር፤ ስለዚህ ማንም አይለካም። እሳቸው በሞቱበት ዓመት ልጃቸው የወለቀ ሴራሚክ ሊጠግን መጣና ሳሌም ስትዋኝ አየ። ሴራሚኩ በአንድ ቀን አለቀ፤ ዘርአብሩክ ግን አራት ዓመት ተመላለሰ።

ሥራው መቁጠር ነበር። አንድ ደርሶ መልስ በዋኘች ቁጥር ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ይጭራል። የመጨረሻው ደርሶ መልስ ሲቀራት በመዶሻው የመሰላሉን ብረት ሁለቴ ይመታል። ሳሌም ያቺን ድምፅ ከውኃው ሥር ስትሰማ ክንዷ ላይ ያልነበረ ጉልበት ይመጣል። እሱ ራሱ ግን በአራት ዓመት ውስጥ እግሩን ውኃ አስነክቶ አያውቅም። ዋና አይችልም፤ ይፈራዋልም። ስለ ፍቅርም በመካከላቸው አንድ ቃል አልተነገረም፤ ሁለቱም ግን ያውቁት ነበር።

አቶ ስዩም አይተው እንዳላዩ ለማለፍ ሞክረው ሲያቅታቸው፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ፋናዬ፣ «ፈንዲው ሴራሚኬን ይቁጠር እንጂ ልጄን አይቁጠርብኝ» አሉ። የሆቴል ባለቤት ልጅና ከዋልዳ የመጣ ስደተኛ ልጅ እንዴት አንድ ላይ ይነሣሉ? ሐሳባቸው ይኸው ነበር።

አቶ ስዩም ክብረ ወሰኑን እንድትሰብር የሰጧት ቀነ ገደብ ፋሲካ ነበር። ፋሲካ አለፈ፤ ስድስቱ ሰከንድ አላለፈም። አቶ ስዩም ገንዳው በአፈር ተደፍኖ ለሎሪ ሾፌሮች አሥራ ሁለት ክፍል እንዲሠራበት ወሰኑና ሥራውን ለዘርአብሩክ ሰጡት። እሱም ተቀበለ። ማክሰኞ ዕለት የብረት ሜትሩን ይዞ ሲመጣ ሳሌም ከበረንዳው ሆና አየችው። ገንዳውን በርዝመቱ ለካ። እንደገና ለካ። ሦስተኛ ለካና ዓይኑን ወደ እሷ አነሣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከዚያ ሜትሩን ጠቅልሎ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይላት ወጣ፤ አልተመለሰምም። ሳሌም ውኃዋን ለመቅበር ተስማምቶ ዓይኗን ማየት አፈረ ብላ ደመደመች። መሐላውም የመጣው ከዚያ ነው።

* * *

ዘጠነኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ጠዋት ናይሮቢ ያለችው አሠልጣኝ ሻምሳ ደወለችላት።

«ለብሔራዊ ሻምፒዮናው አንድ የመዋኛ መስመር ቀርቶልኛል» አለቻት። «እስከ ነገ ማታ ከክብረ ወሰኑ ያነሰ ሰዓት ከላክሽልኝ ያንቺ ነው። ስድስት ሰከንድ የምትዘገይ ልጅ ግን እዚህም ሞልታልኛለች።»

ሳሌም ስልኩን ዘግታ ገንዳውን እያየች ተቀመጠች። ውኃው ፀጥ ብሏል። ነገ ጠዋት በቦረና ስሙ ዲዳ የሚባለው ባለሎሪ የመጀመሪያውን ጭነት አፈር ይዞ ይመጣል። ስድስት ዓመት እንዲህ በአንድ ጭነት ሊያልቅ ነው ብላ ስታስብ እናቷ ወይዘሮ ፋናዬ ከኩሽና መጥተው የታጠፈ ወረቀት ጭኗ ላይ ጣሉላት። ከሲሚንቶ ከረጢት የተቀደደ ነው።

«ፈንዲው ነው የሰጠኝ። አንብቢው ወይ አቃጥይው፤ ብቻ ፊትሽን ፍቺልኝ፤ እንግዳ እየሸሸ ነው።»

ልታቃጥለው ቆርጣ ነበር። ክብሪት እስክታገኝ ብላ አነበበችው።

«ሳሌም፤
ገንዳው ሃያ አምስት ሜትር አይደለም። ሃያ ስድስት ነው።
ስንት ሎሪ አፈር እንደሚፈልግ ላሰላ ስለካው አገኘሁት። ሦስቴ ለካሁት። አባቴን ታውቂዋለሽ፤ ሥራ ሲጨርስ መመረቅ ይወድ ነበር። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ከለካ በኋላ አንድ ስንዝር እንደሚጨምረው፣ እሱም በረንዳ ሲሠራ ከተባለው ይጨምራል፤ ደረጃም ያሰፋል። ላንቺም አንድ ሜትር መረቀልሽ። ለማንም አልተናገረም፤ ውለታውን አያወራም ነበር። የመዋኛ ገንዳ ምርቃት እንደማይችል ማን ይንገረው?
አልዘገየሽም። የዋኘሽው ሌላ ርቀት ነው።
ይህን ካወቅሁ ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ዝም ብዬ ነበር። ለዚህ ምክንያት እንጂ ሰበብ የለኝም።
ዘርአብሩክ»

ሳሌም ሂሳብ የምትሠራው በክንዷ ነው። አራት መቶ ሜትር ማለት የገንዳው ርዝመት ዐሥራ ስድስት ጊዜ ነው። ዐሥራ ስድስት ጊዜ፣ በየአንዳንዱ አንድ ትርፍ ሜትር። ዐሥራ ስድስት ሜትር በእሷ ፍጥነት ዐሥራ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ላይ ስድስቱን ስትቀንስ አምስት ተረፋት። ከክብረ ወሰኑ በአምስት ሰከንድ ትፈጥን ነበር። ያውም ሁለት ዓመት ሙሉ። በየጠዋቱ እየሰበረችው፣ በየጠዋቱ አንገቷን ደፍታ ከውኃ ትወጣ ነበር።

ብቻዋን ሳቀች፤ በረንዳው ላይ ሻይ የሚጠጡት ሁለት ሾፌሮች ዞረው አዩዋት። ደስታው ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ዓይኗ «ዘጠኝ ቀን» በሚለው ላይ ወደቀ። ሳቁም እዚያው ቆመ። ከዘጠኙ ቀን በአራቱ አልቅሳበታለች።

ሻምሳ ዘንድ መልሳ ደወለች። «በሂሳብ ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው የለም» አለቻት አሠልጣኟ። «ያቺን ሜትር አስቆርጠሽ ዋኚ። ሜትሩም ሰዓቱም የሚታይበት ቪዲዮ ላኪልኝ።»

ከዚያ ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ይዛ ወደ ገበያው ወረደች። መሐላዋን ትታ አይደለም፤ ሰላምታ ልትሰጠው አልነበረም የምትሄደው።

* * *

ዘርአብሩክ ገበያው አጠገብ በሚሠራ ሱቅ መወጣጫ ላይ ቆሞ ግድግዳ ይለስናል። ሲያያት የያዘው የልስን ማንኪያ እጁ ላይ ቀረ።

«ውረድ» አለችው።

«ሲሚንቶው ይደርቅብኛል።»

«ይድረቅ።»

ወረደ። ሽፋሽፍቱ ላይ ሳይቀር ሲሚንቶ አለ። አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆሞ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሳሌም ያንን ዓይን ዘጠኝ ቀን ፈልጋዋለችና መሬት ላይ መጣሉ ይበልጥ አናደዳት።

«እኔ ራሴን ዘገምተኛ እያልኩ ስሰድብ፣ አንተ መልሱን ኪስህ ይዘህ ከተማውን ትዞር ነበር።»

«አዎ።»

«አዎ ብቻ?»

«አባቴ ሙት ነው፤ ተነሥቶ አይከራከርም» አለ ቀስ ብሎ። «ትቶልኝ የሄደው ስሙን ነው። ‹ሐድጉ የለካው› ሲባል ሰው ሁሉ ሜትሩን ይጠቀልላል። ‹ሐድጉ ተሳስቶ የልጅቷን ዕድሜ በላ› ሲሉ መስማት አቃተኝ።»

«ይሄ አንድ ነው። ሌላውስ?»

«ሌላውን ታውቂዋለሽ።»

«የማውቀውን አልጠየቅኩህም። ካንተ አፍ ልስማው።»

ዘርአብሩክ ማንኪያውን አሸዋው ላይ ሰካና ቀና አለ። «ስለምወድሽ ነው። ገንዳው ከተደፈነ የትም አትሄጂም። አሥራ ሁለት ክፍል እስክሠራ ስድስት ወር በየቀኑ አይሻለሁ። ማክሰኞ ይህን አሰብኩ፤ ረቡዕም ይህንኑ አሰብኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ባሰብኩት ቁጥር ራሴን እየጠላሁት መጣሁ። እንደዚህ አድርጎ የወደደሽ ሰው እኔ እንድሆን አልፈለግኩም።»

ሳሌም ይህን ቃል አራት ዓመት ጠብቃዋለች። እንዴት እንደሚነገራትም አስባበት ነበር፤ ገንዳው ዳር፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ እጇን ይዞ። በሲሚንቶ ተለውሶ፣ ከጥፋት ኑዛዜ ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል ብላ አልገመተችም። ተናደደች፤ ደስም አላት። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡባት የቱን ፊቷ ላይ እንደምታወጣ ግራ ገባት።

«እንዳልሄድ ፈራህ» አለች በመጨረሻ። «እመለስ እንደሆነ ግን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት እጇን አነሣችበት። «አሁን አይደለም። ዲዳ ነገ ጠዋት አፈሩን ይዞ ይመጣል። ሻምሳ እስከ ነገ ማታ ትጠብቃለች። አባዬ ደግሞ በሂሳብ አያምንም። ያቺን ሜትር ቁረጥልኝ።»

ያን ጊዜ ዓይኑ ተለወጠ፤ የግንበኛ ዓይን ሆነ። «ሲሚንቶ በአንድ ቀን አይጠነክርም። ከጫፍ አንድ ሜትር ገባ ብዬ የአርማታ ሳንቃ አቆማለሁ። ግን ስትዞሪ በእግርሽ ስትመቺው ይሄዳል። ከኋላው ቆሞ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል።»

«ውኃው ውስጥ?»

«ውኃው ውስጥ።»

«ማን?»

«እኔ።»

«ዋና አትችልም።»

«እቆማለሁ እንጂ አልዋኝም» አለ ዘርአብሩክ። ሳሌም ፊቷን ቶሎ አዞረች፤ ይቅር እያለችው መሆኑን እንዳያውቅባት ነው።

* * *

ዓርብ ጠዋት አቶ ስዩም የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሲወጡ፣ የገንዳው አንድ ጫፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳንቃ ተገትሮ አገኙ። ዘርአብሩክ ዳር ተንበርክኮ ውኃ ልኩን ያያል።

«ድፈን አልኩህ እንጂ አጥር ሥራ አልኩህ?»

«አባዬ፣ ገንዳው ሃያ ስድስት ሜትር ነው» አለች ሳሌም። የዋና ልብሷን ለብሳለች፤ ፀጉሯ በቆቡ ውስጥ ነው።

«የማን ገንዳ? የሐድጉ? ሐድጉ አይሳሳትም።»

«አልተሳሳቱም፤ መርቀውልህ ነው። በረንዳችንን ስንት ሜትር ነበር ያዘዝከው?»

አቶ ስዩም በረንዳውን ሦስት ሜትር አዘው አራት እንደተሠራላቸው፣ ይህንንም ላገኙት ሰው ሁሉ እየነገሩ እንደሚኩራሩ ከተማው ያውቃል። ብርጭቋቸውን ለወይዘሮ ፋናዬ ሰጥተው፣ ሜትሩን ከዘርአብሩክ ተቀብለው ራሳቸው ለኩ። ወለሉ ላይ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ሲያነቡ ጀርባቸው ለጊዜው ቀና አላለም። ስድስት ዓመት በየጠዋቱ ለልጃቸው «ዛሬም ዘገየሽ» ያሏት ቃል ትዝ እንዳላቸው ሳሌም ገባት፤ አሳዘኗት።

የሎሪ ጥሩምባ በሩ ላይ ጮኸ። ዲዳ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ጋሼ ስዩም፣ አፈሩን የት ልገልብጠው? ሐራካ፣ ቶሎ በሉ፤ ለጁምዓ መድረስ አለብኝ።»

«አምስት ደቂቃ ጠብቅ» አሉት አቶ ስዩም። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ። ግድግዳው ላይ ከተጻፈው ካነሰ ሎሪው ይመለሳል። ካላነሰ ዲዳ አፈሩን ይገለብጣል፤ አንቺም ዳግመኛ የዋና ነገር አታነሺብኝም። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች ሳሌም፤ ውኃ ጨምሪልኝ እንዳሏት ያህል ቀልሏት።

ዘርአብሩክ ጫማውን አውልቆ፣ መዶሻውን ወገቡ ላይ ሽጦ ሳንቃው ኋላ ወዳለችው ጠባብ ውኃ ገባ። ሱሪውን እንደለበሰ ነው። ውኃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራረጠ። ጀርባውን አባቱ በሠሩት ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ትከሻውንና መዳፎቹን ሳንቃው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ወዲያ እሷ አልታየችውም።

«ቁጥሩን ማን ይይዛል?» አለች ከሳንቃው ወዲህ ሆና።

«እኔ» አለ ድምፁ። «በትከሻዬ እቆጥራለሁ።»

ወይዘሮ ፋናዬ ስልካቸውን አነሡ። አቶ ስዩም ስቶፕ ዎች ሰዓቱን ጨበጡ። ሳሌም እግሯን ሳንቃው ላይ አድርጋ ተስፈነጠረች።

ከሄደች በኋላ መጀመሪያ ያስገረማት ግድግዳው ነበር። ስድስት ዓመት ክንዷ የለመደው ርቀት አለ፤ ከግድግዳው በፊት አንድ ተጨማሪ ቀዘፋ ይጠብቃል። ዛሬ ሳንቃው ያንን ቀዘፋ ቀድሞ መጣና በመጀመሪያው መመለሻ ጭንቅላቷን ልትመታ ምንም አልቀራት። በደመ ነፍስ ተገልብጣ ረገጠችው። ሳንቃው አንድ ጣት ያህል ሸሸ፤ ከዚያ ቆመ። የያዘው ሲሚንቶ ወይም ሚስማር አልነበረም። ከኋላው ውኃ የሚፈራ ሰው ነበረ።

በሁለተኛው፣ አስቀይሟት ነበርና፣ ሳንቃውን በቁጣ መታችው። በሦስተኛውም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ላለቀሰችበት ቀን አንድ ምት እያለች ነበር የምትሄደው፤ ሳንቃውም በየጊዜው ሸሸት ብሎ ተመልሶ ጸና። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቁጣው የለም። ፈለገችው፤ የት እንደጣለችው ግን አላወቀችም። በቦታው ያገኘችው ጉልበት ብቻ ነው፤ ተቆጥሮ የማያልቅ ጉልበት። በየርዝመቱ አንድ አንድ ሜትር ሲጨመርባት የኖረች ሴት፣ ያቺ ሜትር ስትነሣላት ምን እንደምትሆን እስከ ዛሬ ማንም አላየም። እሷም ራሷ አላየችም።

ሰባተኛው ላይ እግሯ ሳንቃውን ሲለቅ ከእንጨቱ ውስጥ ሁለት ምት ተሰማት። መዶሻው ነው። አንድ ደርሶ መልስ ቀርቷታል። ሳሌም ውኃ ውስጥ ፈገግ አለች፤ ትንሽ ውኃም ገባባት፤ ግድ አልሰጣትም። ሄደች፤ ተገለበጠች፤ ተመለሰች። ስታይ ሳንቃው ብቻ ነበር የሚታያት። እጇን ዘረጋችና መታችው።

ዲዳ ከሎሪው ወርዶ በሩ ላይ ቆሟል። አቶ ስዩም ሰዓቱን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡት፤ ነቀነቁት።

«ይሄ ነገር ተበላሽቶ እንዳይሆን» አሉ።

ወይዘሮ ፋናዬ ስልካቸውን አሳዩአቸው። ስልኩም ያንኑ ይላል። ከክብረ ወሰኑ በሦስት ሰከንድ ያንሳል፤ ያውም ከውኃ ውስጥ ተነሥታ፣ ሳትወረወር። አቶ ስዩም የፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሲጠርጉ ላብ ነው ብሎ የሚያምን ይመን።

«ታዲያ አፈሩን ልመልስ?» አለ ዲዳ።

«መልስ።»

ቪዲዮው ናይሮቢ ደረሰ። ወዲያው የሻምሳ ድምፅ ከስልኩ ወጣ፤ «ክብረ ወሰን የሚባለው ዳኛ ፊት ስትደግሚው ነው። መስመሩ ያንቺ ነው። እሑድ ማታ አውቶቡስ ላይ እንድትሆኚ።»

ሳሌም እንደምትደግመው ጥርጣሬ አልነበራትም። አሁን የምታስበው ሌላ ነበር። ከሳንቃው ኋላ ድምፅ የለም። በክንዷ ተንጠልጥላ ብቅ አለች። ዘርአብሩክ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትከሻውን ሳንቃው ላይ እንደጣለ ነው፤ አልለቀቀም። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዶ ቆዳው ቀልቷል።

«አልቋል፣ ዘሩ። ልቀቀው።»

«ስምንት ቆጥሬያለሁ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ስንት ሆነ?»

«ናይሮቢ ሄጃለሁ ማለት ነው።»

ዓይኑን ገለጠ። አዘነ፤ ደስም አለው። ትናንት እሷ ላይ የነበረው ነገር ዛሬ እሱ ፊት ላይ ተቀምጧል።

አቶ ስዩም መጥተው ገንዳው ጫፍ ላይ ቆሙ። እጃቸው ላይ የሆቴሉ ስም የተጠለፈበት ነጭ ፎጣ አለ፤ ከእንግዳ በቀር ለማንም የማይሰጥ፣ ሳሌም እንኳ ስትወስደው የሚቆጧት ፎጣ። ለዘርአብሩክ ዘረጉለት። «ውጣ፤ ብርድ ይመታሃል» አሉት። ቀጥለውም፣ «ሳንቃ ግድግዳ አይሆነኝም። ያቺን ትርፍ ሜትር በአርማታ ትደፍናታለህ።»

«አትደፈንም» አለች ሳሌም። «ግድግዳ ይሠራ፤ ሃያ አምስቱም ይስተካከል። ከጀርባው ያለችው ሜትር ግን እንዳለች ትቆይ። ስድስት ዓመት ያጠነከረችኝ እሷ ናት፤ ጋሽ ሐድጉ መርቀውልኝ ነው።»

ዘርአብሩክ ፎጣውን ፊቱ ላይ አደረገና ጥቂት ቆየ። አቶ ስዩም እሱንም ልጃቸውንም አይተው፣ ቁርስ እንደሚጠብቃቸው ለማንም ሳይሆን ተናገሩና ባለቤታቸውን ይዘው ገቡ።

«ይቅር ብለሽኛል?» አለ ዘርአብሩክ ብቻቸውን ሲቀሩ።

«ስምንት ጊዜ መጣሁብህ፤ የስምንቱን ቀን ይቅር አልኩህ።»

በመቁጠር ማን ይቀድመዋል? «ዘጠኝ ነበር» አለ።

«ዘጠነኛዋ ትቆየኝ። ከናይሮቢ ስመለስ እዚህችው ሜትር ውስጥ ዋና ሳስተምርህ ይቅር እልሃለሁ።»

«በአንድ ሜትር ውስጥ?»

«ለመጀመር ይበቃሃል።»

ዘርአብሩክ መቼ ትመለሻለሽ ብሎ አልጠየቃትም። ሳንቃው ጠርዝ ላይ ያረፈውን እጇን በእጁ ሸፈነው። ሳሌም የመዳፉ ሙቀት ይሰማት ነበር፤ ለመውጣትም አልቸኮለችም።